በመጽሐፍ ራስን ማስተማር፦ ለወሎ አንባቢ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ትምህርቱን ጨርሶም ሆነ አቋርጦ፣ ከመደበኛ ክፍል ውጪ በመጽሐፍ ራሱን ለማስተማር ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። አንባቢው በደሴ የሚኖር የሒሳብ ሠራተኛ፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ፣ በወልድያ የሚያስተምር ወይም ከዋናው መንገድ ርቃ በምትገኘው በደላንታዋ ወገል ጤና ከተማ የሚያገለግል የጤና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው በቀን አንድ ሰዓት ገደማ፣ አንድ ወፍራም ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን «ዘንድሮ ይህን ያህል መጽሐፍ ጨረስኩ» የሚለውን ቆጠራ መተው አለበት፤ ብዙ የጨረሰ ሁሉ ብዙ ያውቃል ማለት አይደለምና። እዚህ የሚቀርበው አሠራር አንድ ጥያቄ ይዞ፣ በዚያ ጥያቄ ላይ የተጻፉ ጥቂት መጻሕፍትን ቀስ ብሎ እያነበቡ፣ አንዱን በሌላው እየመረመሩ፣ በመጨረሻም የራስን መልስ በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው።

አሠራሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በቅኔ ስሙ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር አብሮ የሚነሣው ዋድላ፣ ደረሳው (የእስልምና ትምህርት ተማሪው) ከየአቅጣጫው ይተምባቸው የነበሩት ዳናና ጀማ ንጉሥ ሁሉም የወሎ ናቸው። ደረሳው በመጀመሪያ አጭሩን መሠረታዊ ጽሑፍ፣ መትኑን፣ ይይዛል፤ መትኑን ወደሚያብራራው ሸርህ የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚቀራውም በሸይኹ ፊት ቁጭ ብሎ ነው። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት በመጽሐፍ ቤትም ንባቡ ከተሰማ በኋላ መምህሩ ትርጓሜውን «አንድም» እያሉ ይዘረዝሩታል፤ ተማሪውም አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለትና ሦስት ፍቺ ሊሸከም እንደሚችል እየሰማ ያድጋል። በሁለቱም ዘንድ ዓመታት የሚያልፉት በጥቂት መጻሕፍት ላይ ነው። ራሱን የሚያስተምር ሰው የሚጎድለው መምህሩ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሥራዎች በአብዛኛው መምህሩ ይሠራው የነበረውን፣ ማለትም ማስቆምን፣ መጠየቅንና ማስደገምን፣ አንባቢው በራሱ ላይ እንዲሠራ የሚያደርጉ ናቸው።

1. ጥያቄውን ይጻፉ

ርዕሰ ጉዳይ ሌላ፣ ጥያቄ ሌላ ነው። «የወሎ ታሪክ» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ ዕድሜ ልክ ቢያነቡት አያልቅም፣ መቼ በቂ እንዳወቁም አይታወቅም። «በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ የተራበው እህል ስለጠፋ ነው ወይስ እህል የሚያገኝበት አቅም ስላጣ?» የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ ምን ዓይነት ማስረጃ ወደ የትኛው መልስ እንደሚያደላ አስቀድሞ መናገር ይቻላልና። ጥያቄዎ ደህና መሆኑን ለማወቅ፣ ሁለት አስተዋይ ሰዎች የተለያየ መልስ ሊሰጡበት ይችሉ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። የሚችሉ ካልሆነ ወይ በጣም ቀላል ነው፣ ወይ ገና አልጠራም።

ጥያቄው ከኑሮዎ ቢነሣ ይመረጣል። የእህል ነጋዴ የጤፍ ዋጋ ከመኸር እስከ ክረምት ለምን እንደሚለዋወጥ፣ ነርስ አንድ ክትባት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ የገበሬ ልጅ እርከን በአንዱ ተዳፋት ሠምሮ በሌላው ለምን እንደሚፈርስ ቢጠይቅ፣ በየቀኑ የሚያየው ነገር ንባቡን ይረዳዋል። ጥያቄውን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከነቀኑ ይጻፉ፤ ከሥሩም ገና ምንም ሳያነቡ መልሱ ምን እንደሚመስልዎ በአምስት ወይም በስድስት መስመር ያስፍሩ። ይህ ግምት ቢሳሳት አያሳፍርም። ያልተጻፈ ግምት ግን ካነበቡ በኋላ «ድሮም አውቀው ነበር» ወደሚል መታለል ይለወጣል።

2. መጻሕፍቱን ይምረጡ፣ ያግኙም

ለአንድ ጥያቄ ከሦስት እስከ አምስት መጻሕፍት ይበቃሉ። አንዱ ጉዳዩን በአጠቃላይ የሚያስተዋውቅ፣ ሁለቱ እርስ በርስ የማይስማሙ፣ አንዱ ደግሞ ነገሩ በደረሰበት ዘመን የተጻፈ ሰነድ ወይም ማስታወሻ ቢሆን መልካም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ያለመስማማቱ ነው፤ አንድ ደራሲን ብቻ ያነበበ ሰው ደራሲው ያለውን ከመድገም በቀር የሚመርጠው የለውም።

ከላይ ላነሣነው ጥያቄ እንዲህ ያሉ ሁለት መጻሕፍት አሉ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥቶ ስለ ወሎ በስፋት ጽፏል። የመልክዐ ምድር ሊቁ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ባወጡት ጥናት የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ እንዴት ተጋልጦ እንደኖረ መርምረዋል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ይህ ግን ማንንም ሊያስቆም አይገባም። በእንግሊዝኛ ሲያነቡ ሙሉውን መጽሐፍ ሳይሆን የሚያስፈልግዎትን ምዕራፍ ብቻ ይያዙ፤ በአንድ ቁጭታ ከአራት ወይም ከአምስት ገጽ አይለፉ፤ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጡትም ደጋግሞ ለመጣ ቃል ብቻ ይሁን። ለአማርኛው፣ በተለይ ቆየት ላሉ ጽሑፎች፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ የሚጠቅም ነው።

መጽሐፍ ማግኘት በወሎ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የትምህርት ተቋማት ስለተጎዱ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት ድሮ የነበረው መጽሐፍ ዛሬ ላይኖረው ይችላል። ቢሆንም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ተማሪ ያልሆነ ሰው መታወቂያውን ይዞ፣ ምን እንደሚፈልግ በጽሑፍ አስረድቶ፣ እዚያው ተቀምጦ ለማንበብ ቢጠይቅ ምናልባት ይፈቀድለታል፤ ባይፈቀድለትም የጠፋው አንድ ጠዋት ነው። በየመንገዱ ዳር ላስቲክ ዘርግተው አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡትንም አይናቁ። እነርሱ ዘንድ ስለ ስኬት የተተረጎሙት መጻሕፍት ከላይ ይደረደራሉ፤ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ከሥር ነው። የሚፈልጉትን ጽፈው ቢተዉላቸው ፈልገው ያመጣሉ። በስልክ የሚዘዋወሩ የተቃኙ ቅጂዎች ሲገጥሙዎ ደግሞ ገጾቹ በሙሉ መኖራቸውን፣ የኅትመት ዘመኑም በመጀመሪያው ገጽ ላይ መታየቱን ያረጋግጡ፤ መካከሉ የጎደለ መጽሐፍ አንባቢውን ሳያውቀው ያሳስታል።

3. ከማንበብዎ በፊት ያስሱት

በግማሽ ሰዓት ውስጥ የኅትመት ዘመኑን፣ መቅድሙን፣ ማውጫውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ያንብቡ። የእኛ አገር መቅድም አንዳንድ ጊዜ ከግማሽ በላይ ምስጋና ነው፤ ምስጋናውም ቢሆን ደራሲው ከማን ጋር እንደዋለና ማን እንደረዳው ይናገራልና አይዝለሉት። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት በመጨረሻ ላይ የቃላት ጠቋሚ የላቸውም፤ ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ እየሄዱ የራስዎን ጠቋሚ ያዘጋጁ፦ ቃሉ፣ ገጹ፣ በአንድ ሐረግ የተባለው። ወረቀቱን ከሽፋኑ ውስጥ ያኑሩት።

4. በእርሳስ፣ ቀስ ብለው ያንብቡ

የመመሪያው ዋና ሥራ ይህ ነው። ከባድ መጽሐፍ ሲሆን በሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ገጽ ማንበብ በቂ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ብቻውን ሰዓቱን ይወስዳል። ስልኩን ሌላ ክፍል ይተዉት። ደራሲው አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ በሚያስረግጥበት ቦታ ኅዳጉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ ማስረጃ በሚያቀርብበት «ማ» ብለው ይጻፉ፤ ያልገባዎት ወይም ያልተስማሙበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ያድርጉ። ከሦስቱ በላይ ምልክት አያብዙ፤ ምልክት ሲበዛ አንባቢው ማሰቡን ትቶ መቀባት ይይዛል። መጽሐፉ የተዋሱት ከሆነ ምልክቱ በወረቀት ቁራጭ ላይ ይሁን።

የደብተሩን ገጽ በመካከሉ አስምረው ለሁለት ይክፈሉት። በግራ ደራሲው ያለውን በራስዎ ቃል፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር፤ በቀኝ እርስዎ የሚሉትን። ሁለቱን መቀላቀል የራስን ሐሳብ የደራሲው፣ የደራሲውን ደግሞ የራስ አድርጎ ወደ መናገር ያደርሳል። በግራ በኩል መገልበጥ ክልክል ነው፤ በራስ ቃል መጻፍ ያቃተዎት ዐረፍተ ነገር ገና አልገባዎትም ማለት ነው።

አንድ ቦታ ላይ ቆመን እንየው። ሴን መጽሐፉን የሚጀምረው ረሃብ ማለት አንዳንድ ሰዎች በቂ የሚበሉት ማጣታቸው እንጂ በቂ የሚበላ ነገር አለመኖሩ አይደለም በማለት ነው። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ «ሴን በወሎ የእህል እጥረት አልነበረም ይላል» ብሎ ሊያወራ ይችላል፤ ሲወራም ይሰማል። ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ግን የእህል አለመኖር ለሰዎቹ ማጣት አንድ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ሊሆኑ ከሚችሉት ብዙ ምክንያቶች አንዱ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ በግራው ዓምድ የሚጻፈው «እጥረት የለም» ሳይሆን «እጥረት ብቻውን አያስረዳም» የሚለው ነው። በኢትዮጵያው ምዕራፍም እንዲሁ ነው። የ1964ቱ ክረምትና የ1965ቱ በልግ ዝናብ መጥፋቱን፣ በወሎም ምርት መቀነሱን አይክድም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል እህል ወደ ወሎ ያልገባው ለምንድን ነው? መልሱም ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አብሮ አጥቷል የሚል ነው። ማስረጃ ከሚያደርጋቸው አንዱ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ በረሃቡ ዓመት ያን ያህል አለመናሩ ነው፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል እንደነበር ይጠቅሳል።

አሁን ወደ ቀኙ ዓምድ እንምጣ። የወሎ አንባቢ እዚህ ላይ ከማንኛውም የውጭ አገር አንባቢ የተሻለ ሥፍራ ላይ ነው። የደሴ ገበያ ዋጋ ለደላንታ ወይም ለዋድላ ነዋሪ ምን ይነግረናል? አህያ ጭኖ ቀናት ተጉዞ ገበያ የሚደርስ ሰው የሚገጥመው ዋጋ ከደሴው ጋር አንድ ነበር? የከብቱስ ዋጋ በዚያ ወቅት ስንት ሆኖ ነበር? (ይህን የመጨረሻውን ሴን ራሱ ያነሣዋል፤ በተለይ ስለ አፋር አርብቶ አደሮች ሲጽፍ፣ የከብታቸው መሞት ብቻ ሳይሆን የተረፈው ከብት በእህል ሲመነዘር ዋጋው መውደቁ እንደጎዳቸው ያሳያል።) እነዚህ ጥያቄዎች በዓለም የታወቀን ሊቅ ለማጣጣል የሚጻፉ አይደሉም፤ ቀጣዩን መጽሐፍ ሲከፍቱ ምን እንደሚፈልጉ የሚያሳዩ ናቸው።

5. ዘግተው ይናገሩ

ቁጭታው ሲያበቃ መጽሐፉንም ደብተሩንም ይዝጉና ያነበቡትን ጮክ ብለው ለራስዎ ይናገሩ ወይም በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ከፍተው የዘለሉትን ይመልከቱ። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም ራሱ ያዘጋጀውን፣ ቅኔ በመምህሩ ፊት የሚነግረው ለዚህ ነው፤ ሲነገር ነው ጉድለቱ የሚታየው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ይህ በግልጽ ታይቷል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ደግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ካነበበ በኋላ ዘግቶ ያስታወሰውን እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ዘግተው የጻፉት በልጠው ተገኙ። ደግሞ ማንበብ የሚያታልለው ወዲያውኑ የማወቅ ስሜት ስለሚሰጥ ነው። ያነበቡትን በማግሥቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ ደብተር ሳይከፍቱ ለማስታወስ ይሞክሩ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም።

6. መጻሕፍቱን ያፋጥጡ

ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲጨርሱ በአንድ ንጹሕ ገጽ ላይ የሁለቱን ልዩነት ይጻፉ፤ ልዩነቱ የምን እንደሆነም ይለዩ። ሁለት ሰዎች በደረሰው ነገር ላይ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ምርት ስንት ቀነሰ፣ እህል ወጣ ወይስ አልወጣም የሚለው እንዲህ ያለ ነው። በደረሰው ተስማምተው በምክንያቱ ሊለያዩም ይችላሉ። ወይም ደግሞ ጭራሽ የተለያየ ጥያቄ እየመለሱ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሦስተኛው ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል። ሴን በዋናነት የሚጠይቀው በረሃቡ ወቅት ማን እህል የማግኘት አቅም እንዳጣና ለምን እንዳጣ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ደግሞ ረሃቡ ከመምጣቱ አስቀድሞ ገበሬው አንድ መጥፎ ዓመት እንኳ ሊሻገር በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ እንዴት እንደተያዘ፣ የተፈጥሮ ኃይልና ጫና የሚያደርግበት ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሥርዓት እንዴት ተደምረው እንዳጋለጡት ይመረምራሉ። እንዲህ ሲታይ አንዱ የሌላውን ሐሳብ በሙሉ ያፈርሰዋል ማለት ይከብዳል፤ የት ላይ በእውነት እንደሚጋጩ ለማግኘት የሁለቱን መጻሕፍት ማስታወሻ ጎን ለጎን ይዞ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። በእኔ ግምት ከሙሉው አሠራር ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚህ ቁጭታ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

7. ባለ ዕድሜ ሰዎችን ይጠይቁ

ጥያቄዎ የአካባቢ ከሆነ፣ መጽሐፍ ያልያዘው ብዙ ነገር በሰው ዘንድ አለ። የ1965ቱን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም በየሠፈሩ ይገኛሉ። ሲሄዱ ደብተር ዘርግተው እንደ መርማሪ አይቀመጡ፤ ቡና ይፈላ፣ ጨዋታው በራሱ ይምጣ። «ሐጂ፣ ያኔ እርስዎ የት ነበሩ?» ወይም «እማማ፣ በዚያ ዓመት ገበያ ይወጡ ነበር?» ብሎ መጀመር ይሻላል። «እህል ጠፍቶ ነበር አይደል?» የሚል ጥያቄ መልሱን አብሮ ስለሚሰጥ ዋጋ የለውም። የሚጠይቁት የሞት ዘመን ነው፤ ልጅ ወይም ወንድም የቀበረ ሰው ፊቱ ሲለወጥ ጥያቄውን ይተዉት፣ ሌላ ቀን ራሱ ያነሣዋል፣ ካላነሣውም ይቅር። የሰሙትን ቤት ሲደርሱ ይጻፉ፤ ሰውዬው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይተው ያስፍሩ። የአንድ ሰው ትዝታ መጽሐፍን አያፈርስም፤ መጽሐፍም የአንድን ሰው ትዝታ ውሸት አያደርገውም፤ ሁለቱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ግን ለጥያቄው አዲስ በር ይከፈታል።

8. ሰዓቱንና ጓደኛውን ያመቻቹ

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ማታን ብቻ ተማምኖ ዕቅድ ማውጣት አይጠቅም። ለብዙ ሰው የሚመቸው ከሥራ በፊት ያለው የጠዋት ሰዓት ነው፤ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ ይዛወራል፤ የአጨዳና የውቂያ ወራት ደግሞ ለገበሬ ቤት የንባብ ጊዜ አይደሉምና ያን ጊዜ ድጋሚ ማስታወስ ብቻ ይበቃል። ክረምት፣ በተለይ የደሴ ጭጋግ ሰውን ቤት ሲያስቀምጠው፣ ለከባዱ መጽሐፍ ይቆይ።

ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ ሰዎች በየሁለት ሳምንቱ ቢገናኙ ለብቻ ከማንበብ ይሻላል። ለጉባኤው አንድ ደንብ ይበቃዋል፦ ማንም ስለ መጽሐፉ አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ደራሲው ያለውን፣ ደራሲው ራሱ ቢሰማ «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ አሳምሮ መናገር አለበት። ይህን ደንብ የማይጠብቅ ጉባኤ በሁለተኛው ቡና ላይ ወደ ፖለቲካ ጭቅጭቅ ይዞራል። በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጥ ሰው ካለ እርሱ መጨረሻ ላይ ቢናገር መልካም ነው፤ መጀመሪያ ከተናገረ ታናናሾቹ አክብረውት ዝም ይላሉ።

9. መልስዎን ይጻፉ

ሦስተኛው ወይም አራተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ በሁለት ወይም በሦስት ገጽ የራስዎን መልስ ይጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን፣ በሁለተኛው መልስዎን፣ ቀጥሎ ለመልሱ የሚቆሙትን ማስረጃዎች ከነመጽሐፋቸውና ከነገጻቸው ያስፍሩ። ከእርስዎ መልስ ጋር የማይስማማውን ከሁሉ ጠንካራ ማስረጃ ሳይደብቁ ይጻፉት፤ መልስ ካላገኙለት መልስ እንዳላገኙለት ይግለጹ። ከዚያ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ከፍተው ከማንበብዎ በፊት የጻፉትን ግምት ያመሳክሩ፤ ምን እንደተለወጠና የትኛው ማስረጃ እንደለወጠው ከሥሩ ያክሉ።

ጽሑፉን ለአንድ ጉዳዩን ለማያውቅ፣ ለምሳሌ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ያንብቡለት። እርሱ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ያስቆመዎት ቦታ ሁሉ እንደገና ይጻፍ። በኅዳጉ ላይ ሳይመለሱ የቀሩትን የጥያቄ ምልክቶች በመጨረሻው ገጽ ላይ ሰብስበው ይዘርዝሯቸው፤ ቀጣዩ ጥያቄ ከእነርሱ ውስጥ ይመረጣል። የተዋሱትንም መጽሐፍ ቁራጭ ወረቀቶቹን አውጥተው ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ያልመለሰ ሰው ሁለተኛ አያገኝም።